ገለልተኛ አገር ለዓለም ሰላም ምን ይጠቅማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ቦታ ጦርነት በተነሳ ቁጥር የማይቀር ጨዋታ አለ። ቡና ላይ ሰው ሰብሰብ ይላል፣ ዜናው ይወራል። ከዚያ አንዱ «ሁሉም አገር እንደ ስዊዘርላንድ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ እኮ ዓለም ሰላም ነበር» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ቤቴ ሲቃጠል እጁን አጣጥፎ የሚያይ ጎረቤት ምን ይሠራልኛል?» ይላል። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እዚህ ያሰባሰብኳቸው ጥያቄዎች ከዚሁ ክርክር የወጡ ናቸው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገለልተኛ የሚባለው ምን ዓይነት አገር ነው?

ሌሎች ሲዋጉ ከየትኛውም ወገን የማይሰለፍ አገር ነው። ግን እንዲሁ በአፍ የሚባል ነገር አይደለም፤ ሕግ አለው። ዋናው ሕግ በ1907 ሄግ ላይ የተፈረሙት ስምምነቶች ናቸው። ገለልተኛ አገር የተፋላሚዎች ጦር በግዛቱ እንዲያልፍ አይፈቅድም። በአገሩ ውስጥ ተዋጊ እንዲመለመል አይፈቅድም። መንግሥት ራሱ ለየትኛውም ወገን መሣሪያ አይሰጥም። ወታደሮች ሸሽተው ድንበሩን ቢሻገሩ ትጥቅ አስፈትቶ ጦርነቱ እስኪያልቅ ያቆያቸዋል። በምላሹ ግዛቱ አይደፈርም።

ነጋዴን በተመለከተ ሕጉ ለየት ይላል። የግል ነጋዴ ለተዋጊዎች መሣሪያ ቢሸጥ መንግሥት የመከልከል ግዴታ የለበትም። ከከለከለ ግን ለሁለቱም ወገን እኩል መከልከል አለበት። ይህችን «እኩል» የምትል ቃል ያዙልኝ። ቆይታ እኛው ቤት ድረስ ትመጣለች።

ገለልተኝነት ለአንድ ጦርነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቋሚም አለ። የስዊዘርላንድን ቋሚ ገለልተኝነት ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት በኖቬምበር 1815 ፓሪስ ላይ ፈርመው አወቁላት። ኦስትሪያ ደግሞ በኦክቶበር 26, 1955 በሕገ መንግሥት ደረጃ አወጀች። ቀኑ ዛሬ ብሔራዊ በዓሏ ነው።

ኢትዮጵያ የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ አባል አይደለችም እንዴ? ታዲያ እኛም ገለልተኛ ነን ማለት ነው?

አይደለንም። ግርታው የመጣው ከቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ገለልተኛ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ከላይ ያየነው ነው፤ በጦርነት አለመሰለፍ። ሁለተኛው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከአሜሪካም ከሶቪየትም ጎራ አለመግባት ነው።

ንቅናቄው የቆመው በሁለተኛው ላይ ነው። በ1961 ቤልግሬድ ላይ 25 አገሮች ሲሰበሰቡ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተዋል። ግን በዚያው ጊዜ አስመራ ላይ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ የጦር ሠፈር ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል። በሄግ ሕግ ዓይን ካየነው ይህ ገለልተኝነት አይባልም። የንቅናቄው አባላት ይዋጋሉ፣ ይሰለፋሉ፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይዋጋሉ። ህንድና ፓኪስታንን ማየት ይበቃል።

ገለልተኝነት ፍርሃት አይደለም? ወይም ግድ የለሽነት?

ሊሆን ይችላል። ግን የግድ አይደለም።

ሠፈር ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣሉ እንበል። አንዱ «አንድ ክንድ ገፋኝ» ይላል። ሌላው «የአባቴ ወሰን ነው» ይላል። ሦስተኛው ጎረቤት በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ገለልተኛ ነው፤ ማንንም አልደገፈም። አራተኛው ደግሞ ማታ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። «እንዲህ ብሏል» የሚለውን አለዝቦ ያደርሳል፣ ስድቡን ያስቀራል። በማግስቱ ነጠላውን አጣፍቶ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር አጥሩ ሥር ይቆማል። እሱም ማንንም አልደገፈም። ሁለቱም ገለልተኛ ይባላሉ። ግን አንድ ናቸው የሚል ሰው ሠፈር ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

የአገርም ገለልተኝነት እነዚህ ሁለት መልኮች አሉት። እኔ የማከብረው አራተኛውን ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ አራተኛው ሰው ሽማግሌ መሆን የቻለው ትናንት ከአንዱ ጋር አድሞ ስላልተገኘ ነው። በሩን የዘጋው ሰው የቀረበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በእጁ የነበረውን አመኔታ ሳይሠራበት ቀረ።

እሺ፣ በተግባር ምን ሠርተዋል?

ከሁሉም የሚገርመኝ የመላላኩ ሥራ ነው። ሁለት አገሮች ተጣልተው ኤምባሲ ሲዘጋጉ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ አገር ጉዳያቸውን ይይዛል። የታሰረ ዜጋ ይጎበኛል፣ ፓስፖርት ያድሳል፣ ደብዳቤ ያደርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስዊዘርላንድ የ35 አገሮችን ጉዳይ ይዛ ነበር። በኩባ የአሜሪካን ጉዳይ ከ1961 ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ይዛለች። በኢራን ደግሞ ከ1980 ጀምሮ።

የኢራኑን ቀረብ ብለን እንየው። ጃንዋሪ 3, 2020 አሜሪካ የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱሌይማኒን ባግዳድ ላይ ገደለች። ዓለም ትንፋሹን ዋጠ። በወቅቱ እንደተዘገበው ዋሽንግተን ወዲያው ቴህራን ወዳለው የስዊዘርላንድ ኤምባሲ በምስጢራዊ የፋክስ መስመር መልእክት ላከች። ፍሬ ነገሩ «ነገሩን አታባብሱት» የሚል ነው። አምባሳደሩ ወረቀቱን ይዞ ለኢራን ባለሥልጣናት አደረሰ። መልሱ ቁጣ ነበር። ያንንም መልሶ አደረሰ። በቴሌቪዥን ሁለቱ መንግሥታት ሲዛዛቱ በጀርባ ወረቀት ይመላለስ ነበር። ኢራን ቀጥላ ኢራቅ ያለውን የአሜሪካ ጦር ሠፈር በሚሳይል መታች፤ ነገሩ ግን እዚያ ላይ ቆመ። ፋክሱ ብቻውን ጦርነት አስቀረ ማለቴ አይደለም። ግን እንደዚያ ባለ ቀን ጠላትህ ምን እያሰበ እንደሆነ በግምት ከመኖር በወረቀት መስማት ይሻላል።

ሌላው ቦታ መስጠት ነው። በ1961 የአልጄሪያ ነፃ አውጪዎች ከፈረንሳይ ጋር ሊደራደሩ ነው። ስብሰባው ኤቪያን ላይ ነው፤ ከሌማን ሐይቅ ማዶ ያለች የፈረንሳይ ከተማ። አልጄሪያውያኑ በሚዋጉት አገር መሬት ማደር አልፈለጉም። ስዊዞች በራሳቸው በኩል ማደሪያ ሰጧቸው። ከዚያ በሄሊኮፕተር ሐይቁን እያሻገሩ ጠዋት ያደርሷቸዋል፣ ማታ ይመልሷቸዋል። ስምምነቱ ማርች 18, 1962 ተፈረመ። አንድ አገር ማደሪያና ሄሊኮፕተር ይዞ መገኘቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ለድርድር መቀመጥ የከበደው ሰው «የት ነው የማድረው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው ያውቃል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የአሜሪካው ኬኔዲና የሶቪየቱ ክሩሽቾቭ በ1961 የተገናኙት በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ነው። የኢራን የኑክሌር ስምምነት በ2015 የተቋጨውም እዚያው ነው። በኦገስት 1, 1975 ምሥራቅና ምዕራብን አንድ ላይ ያስፈረመውን የ35 አገሮች ሰነድ ያስተናገደችው ፊንላንድ ናት፤ ሄልሲንኪ ላይ። ኮስታ ሪካ በ1983 ገለልተኝነቷን አወጀች። ከአራት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንቷ ኦስካር አሪያስ የመካከለኛው አሜሪካን ጦርነቶች ለማብረድ ባወጡት ዕቅድ የኖቤል ሰላም ሽልማት አገኙ።

ጣሊያን ሲወረን ገለልተኞቹ የት ነበሩ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው ውስጥ ንዴት አለ። ልክ ናቸው።

ጣሊያን ኦክቶበር 3, 1935 መረብን ተሻገረች። የመንግሥታቱ ማኅበር መቀመጫ ጄኔቫ ነበር፤ የተመረጠችውም በስዊዘርላንድ ገለልተኝነት ምክንያት ነው። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረጀና ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅን ግን አልጨመረም። የጣሊያን መርከቦች የሚያልፉበት የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም።

ስዊዘርላንድ የማኅበሩ አባል ናት። ወደ ማኅበሩ ስትገባ በ1920 የተሰጣት ልዩ ፈቃድ ነበር፤ በጦር አትሳተፍም፣ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ግን ትተባበራለች። ጎረቤቷ ጣሊያን ናት። ከዜጎቿ ከፊሉ ጣሊያንኛ ተናጋሪ ነው። ሙሶሊኒን ትፈራለች። ምን አደረገች? ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይላክ ከለከለች። ለሁለቱም እኩል።

ያቺ «እኩል» የምትለዋ ቃል መጣች። ጣሊያን አውሮፕላኑንም ታንኩንም የመርዝ ጋዙንም የምትሠራው በገዛ ፋብሪካዋ ነው። ኢትዮጵያ ግን ጠመንጃና ጥይቷን የምታመጣው ከውጭ ነው። ሁለቱንም እኩል ስትከለክል አንዱ ምንም አይጎድልበትም። ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። አንደኛው ምሳውን በልቶ የመጣ፣ ሌላው ጦሙን የዋለ ሁለት ሰዎችን «ዛሬ ለማንም እንጀራ የለም» እንደማለት ነው።

አሜሪካም ከዚህ የተሻለ አላደረገችም። ጦርነቱ ሊጀምር አንድ ወር ሲቀረው ኮንግረስ የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወረራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ሥራ ላይ አዋለው። መሣሪያ ለሁለቱም ተከለከለ። ነዳጅ ግን መሣሪያ አይደለም ተብሎ ታለፈ። የጣሊያን መኪናና አውሮፕላን የሚሄደው ደግሞ በነዳጅ ነው።

ሰኔ 23, 1928 ዓ.ም. (ጁን 30, 1936) ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ጄኔቫ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ ከላይ ሰገነት የተቀመጡ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ፣ በዲሴምበር 1936፣ ስዊዘርላንድ የጣሊያንን ግዛት አወቀች። በ1938 ደግሞ ከማዕቀብ ግዴታ ጨርሳ ወጥታ ወደ ሙሉ ገለልተኝነቷ ተመለሰች። እኛ ላይ የደረሰው ጉዳይ የእነሱንም ፖሊሲ ቀየረው ማለት ነው። ስለ ስዊዝ ገለልተኝነት ሲወራ ይህ ምዕራፍ ብዙም አይነሳም። እኛ ግን ብንረሳው ነውር ነው።

ሌላም ገጽ አለው። በዚያው ጦርነት ከስዊድን የመጡ የቀይ መስቀል ሐኪሞች በደቡብ ግንባር ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክሙ ነበር። ዲሴምበር 30, 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀሉን ድንኳን ደበደቡት። ብዙ ቁስለኞች ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም አንድ ሞተ። ገለልተኛ ሆኖ ድንኳን መትከልና ገለልተኛ ሆኖ ጉምሩክ መዝጋት እንግዲህ እንዲህ ይለያያሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል፣ እኛ እንወርዳለን። ስሙ የተሰጠው ሜክሲኮ ወረራውን ተቃውማ፣ የጣሊያንን ግዛት አላውቅም ብላ በመቆሟ ነው። እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው። በስዊዘርላንድ ስም የተሰየመ አደባባይ ግን እኔ አላውቅም።

ገለልተኝነት አገርን ከወረራ ያድናል?

ብቻውን አያድንም። ቤልጂየም በ1839 ለንደን ላይ ታላላቅ መንግሥታት ገለልተኝነቷን ፈርመውላት ነበር። ኦገስት 4, 1914 ጀርመን ገባች። የጀርመኑ ቻንስለር ያንን ውል «ቁራጭ ወረቀት» ብሎ ማለቱ ይታወቃል። ያም ሆኖ ወረቀቱ ከንቱ አልነበረም፤ ብሪታንያ ወደ ጦርነቱ የገባችው እሱን ጠቅሳ ነው።

በ1940 ደግሞ ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ቀን፣ ከወር በኋላ ሆላንድ፣ ቤልጂየምና ሉክሰምበርግ በአንድ ቀን ተወረሩ። አምስቱም ገለልተኛ ነን ብለው ነበር። የላኦስ የባሰ ነው። በጁላይ 1962 ጄኔቫ ላይ 14 አገሮች ገለልተኝነቷን አክብረው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ዘነበባት። ከፈራሚዎቹ አንዷ አሜሪካ ነበረች፣ ቦምቡን የጣለችውም እሷው ናት። ሰሜን ቬትናምም ፈርማ ነበር፤ ጦሯን ግን አላስወጣችም።

ታዲያ ስዊዘርላንድ እንዴት ተረፈች? ተራራ አላት። ከ400,000 በላይ ወታደር አሰልፋ ነበር። በተራራው ውስጥ የሚያልፈው ባቡር ለጀርመንና ለጣሊያን ከተሰበረ ይልቅ ሲሠራ ይጠቅማቸው ነበር። ባንኮቿም እንደዚሁ። ገለልተኝነቷ ከእነዚህ ጋር ተደምሮ ነው የሠራው።

ገለልተኛ አገር ሠራዊት የለውም ማለት ነው?

አይደለም። የስዊዝ ወንዶች የውትድርና ግዴታ አለባቸው። ኦስትሪያም እንደዚያው። ሠራዊቷን ያፈረሰችው ኮስታ ሪካ ናት፤ በ1948። እሷ ግን የራሷ ታሪክ ነው።

ከሰው ጦርነት ትርፍ ያገኛሉ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ይህን መሸፋፈን አይቻልም። የናዚ ጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ከያዛቸው አገሮች የዘረፈውን ወርቅ ለስዊዝ ብሔራዊ ባንክ ይሸጥ ነበር። ከነዚህ ውስጥ የቤልጂየም ወርቅ ይገኝበታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ ብዙዎቹ አይሁድ፣ ከስዊዝ ድንበር ተመልሰዋል። ይህን ስዊዞች ራሳቸው ያቋቋሙት የታሪክ ኮሚሽን በ2002 ባጠናቀቀው ጥናት በግልጽ ጻፈው። ስዊድንም ለጀርመን የብረት ማዕድን ትሸጥ ነበር። በ1941 ክረምት አንድ ሙሉ የጀርመን ክፍለ ጦር ከኖርዌይ ወደ ፊንላንድ በባቡሯ እንዲያልፍ ፈቀደች። ይህ ከላይ ያየነውን የሄግ ሕግ መጣስ ነው።

በዚያው ጊዜ ስዊድን በ1943 የዴንማርክ አይሁዶች በጀልባ ባሕሩን ሲሻገሩ ከ7,000 በላይ ተቀብላለች። ያው መንግሥት፣ ያው ገለልተኝነት። ሰው ነውና።

ቀይ መስቀልስ? እሱም ገለልተኛ ነው ይባላል።

ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የቀይ መስቀል ገለልተኝነት የመንግሥት ፖሊሲ አይደለም። ቁስለኛው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ለመድረስ የሚከፈል ዋጋ ነው። ሁለቱ የሚምታቱት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1863 ጄኔቫ ላይ ስለተመሠረተ ነው። ዓርማውም የስዊዝ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ ነው። የእኛው ቀይ መስቀል የተቋቋመው በጁላይ 1935 ነው፤ ወረራው ሦስት ወር ሲቀረው።

ፊንላንድና ስዊድን ለምን ተዉት?

በአንድ ቃል ሩሲያ። ዩክሬን በፌብሩዋሪ 2022 ስትወረር የሁለቱ አገሮች ሕዝብ ልቡ ደነገጠ። ፊንላንድ ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር ትጋራለች። በኤፕሪል 2023 ፊንላንድ፣ በማርች 2024 ስዊድን ኔቶ ገቡ። የስዊድን ነገር በተለይ ይገርማል፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ልማድ ነው የተወችው። ዩክሬንም ብትሆን በጊዜው የየትኛውም የጦር ቃል ኪዳን አባል አልነበረችም። አላዳናትም።

ስዊዘርላንድ ግን ሌላ አጣብቂኝ ውስጥ ገባች። ወረራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን የአውሮፓ ኅብረትን ማዕቀብ ተቀበለች። ከዚያ በዚያው ዓመት ክረምት የዩክሬንን ጉዳይ በሞስኮ ልያዝ ብትል ሩሲያ «አንቺ ከእንግዲህ ገለልተኛ አይደለሽም» ብላ እምቢ አለች። በሌላ በኩል በስዊዘርላንድ የተሠራ ጥይት ጀርመን ለዩክሬን እንዳትሰጥ በመከልከሏ ምዕራባውያኑ ወቀሷት። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች። እኔ ግን ማዕቀቡን በመቀበሏ አልወቅሳትም። በ1935 ያደረገችውን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህ እርማት ነው የሚመስለው። ዋጋው ደግሞ ያ ነው፤ የመላላክ ሥራው አንዱ በር ተዘጋ። አገሪቱ ውስጥ ክርክሩ አላለቀም። ገለልተኝነቱ በሕገ መንግሥት ጠበቅ ተደርጎ ይጻፍ የሚሉ ዜጎች በ2024 ፊርማ አሰባስበው አስገብተዋል።

አስታራቂ ለመሆን የግድ ገለልተኛ አገር መሆን ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ኖርዌይ ኔቶ ናት፤ ግን የ1993ቱን የእስራኤልና የፍልስጥኤም ስምምነት በምስጢር ያስጀመረችው እሷ ናት። ኳታር ትልቅ የአሜሪካ አየር ኃይል ሠፈር አላት፤ አሜሪካና ታሊባን በ2020 የፈረሙት ዶሃ ነው። ገልፍ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ኦማንን ታውቃላችሁ። ድምፅ አታሰማም። ጎረቤቶቿ በ2015 የመን ሲገቡ እሷ አልገባችም። የአሜሪካና የኢራን ሰዎች በድብቅ መነጋገር የጀመሩት እሷ ቤት ነው።

እኛም ሠርተነዋል። በኦክቶበር 1963 አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ሲዋጉ አፄ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ባማኮ ላይ አስታረቋቸው። በ1972 የሱዳን መንግሥትና የደቡብ አማፅያን የተስማሙት አዲስ አበባ ነው፤ ያ ሰላም አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ ወረፋው ዞረ። እኛና ኤርትራ ስንዋጋ ዲሴምበር 12, 2000 ያስፈረመችን አልጄሪያ ናት። ያቺ በስዊዝ ሄሊኮፕተር ሐይቅ ስትሻገር የነበረችው፣ እኛም ያስታረቅናት።

የገለልተኝነት ቀን የሚባል አለ?

አለ። ዲሴምበር 12፣ በእኛ ታኅሣሥ 3 ገደማ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2017 ነው የወሰነው። ቀኑ የተመረጠው ጉባኤው በ1995 የቱርክሜኒስታንን ቋሚ ገለልተኝነት ስላወቀበት ነው። ቱርክሜኒስታን በር ዘግተው ከሚኖሩ አገሮች አንዷ ናት። ዋና ከተማዋ አሽጋባት ውስጥ ለገለልተኝነት ሐውልት ቆሟል። ጫፉ ላይ የያኔው ፕሬዚዳንት የወርቅ ምስል ፀሐይን እየተከተለ ይዞር ነበር። ሰውየው ከሞቱ በኋላ ሐውልቱ ከከተማው መሃል ወደ ዳር ተወሰደ። የሦስተኛውን ጎረቤት ነገር ያስታውሰኛል። እንዲያም ሆኖ የተመድ የመካከለኛው እስያ ግጭት መከላከያ ማዕከል ከ2007 ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።

ኢትዮጵያ ቋሚ ገለልተኝነት ብታውጅስ?

ማወጅ ይቻላል። ማሳወቅ ነው ከባዱ። ስዊዘርላንድን ኃያላኑ ፈረሙላት። ኦስትሪያ አራቱ ኃያላን ጦራቸውን ሲያስወጡ ነው ያወጀችው። የእኛ ጎረቤቶችና ቀይ ባሕር ላይ ዓይናቸውን የጣሉ ሁሉ ይህን ካላከበሩ አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይቀራል። ሌላው ውኃው ነው። ዓባይን የሚያህል ጉዳይ የያዘ አገር «እኔ በምንም የለሁበትም» ሊል አይችልም። እኔ አዲስ አበባ በ1972 የሠራችውን ዓይነት ሥራ እንድትሠራ ነው የምመኘው። ለዚያ አዋጅ አያስፈልግም። የአፍሪካ ኅብረት ቤት እዚሁ ነው።

አሁንም በሥራ ላይ ያለ የገለልተኞች ሥራ የት ማየት እችላለሁ?

ፓንሙንጆም። ሁለቱን ኮሪያዎች በሚለየው መስመር ላይ። ጁላይ 27, 1953 የተኩስ አቁሙ ሲፈረም የሚቆጣጠሩ አራት አገሮች ተመረጡ፤ ስዊዘርላንድ፣ ስዊድን፣ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ። ውሉ ገለልተኛ ያለው በዚያ ጦርነት ተዋጊ ያልላከ አገርን ነው። እኛ ልከናል፤ በጦርነቱ ከ120 በላይ ልጆቻችን አልቀዋል። ስለዚህ ብንፈልግም አንመረጥም ነበር።

ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ በሰሜን በኩል ነበሩ። በ1990ዎቹ ሰሜን ኮሪያ አስወጣቻቸው። ስዊዞችና ስዊድኖች አሁንም አሉ፤ ከየአገሩ አምስት አምስት መኮንን። ስዊድን አሁን ኔቶ ናት፣ ግን በኮሪያ ጦርነት አልተዋጋችም፣ ስለዚህ ቦታዋ አልተነካም። መስመሩ ላይ ባሉት ሰማያዊ ቤቶች አቅራቢያ ይሰበሰባሉ። ሪፖርታቸውን ይጽፋሉ። አንዱን ግልባጭ ለሰሜኖች በተዘጋጀው የፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ሰሜኖች ከ1995 ጀምሮ አይወስዱትም። ሣጥኑ ሲሞላ መኮንኖቹ ራሳቸው ያወጡታል። ከዚያ የሚቀጥለውን ሪፖርት ይከታሉ።